ድሬዳዋ ላይ መጠጥ የሚያቆሙ ሰዎችን ስብሰባ እንዴት ታገኛለህ? ደረጃ በደረጃ

ብዙ ሰው የሚወድቀው አንድ ቦታ ላይ ነው። ጠዋት ራሱን እየፈለጠው ይነሳና «በቃ፣ ዛሬ» ይላል። ስልኩን አውጥቶ ጎግል ላይ ይፈልጋል። የድሬ አድራሻ አይወጣለትም። «የለም ማለት ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ምሽት 1 ሰዓት ላይ ብርጭቆ ፊት ቁጭ ብሏል። እኔ ይህን ሦስት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ስፈልግ የነበረው ቤት ነው፦ ታፔላ ያለው፣ በር ያለው ቤት። መፈለግ የነበረብኝ ግን ሰው ነው። ያውም አንድ ሰው።

ስብሰባ ስል የቀበሌውን አይደለም። መጠጥ ያቆሙና ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች በተወሰነ ቀን ተገናኝተው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል በየተራ የራሳቸውን ጉዳይ የሚያወሩበት ነው። ሐኪም የለበትም፣ ሰባኪ የለበትም፣ ክፍያ የለበትም። በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው፤ ባጭሩ ኤኤ ይሉታል። አባል ለመሆን የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው።

«አንተ» እያልኩ ነው የምጽፈው። ድሬ ነን፣ እዚህ ለሽማግሌም አንተ ነው። እህቶቼ፣ ለእናንተ ለብቻ የሚሆን ነገር ደረጃ 5 ላይ አለ። ሌላው ለሁላችን ነው።

ደረጃ 1፦ ከሁሉ በፊት ሰውነትህን እይ

ይህን ደረጃ አትዝለል። ስብሰባ የሚረዳህ በሕይወት ካለህ ነው።

ለራስህ እነዚህን መልስ፦

• በየቀኑ ትጠጣለህ? ጠዋት ካልቀመስክ እጅህ ይንቀጠቀጣል?
• ከዚህ በፊት ስታቆም ወድቀህ ተንፈራግጠህ ታውቃለህ? የሌለ ነገር አይተህ ወይም ሰምተህ ታውቃለህ?
• የስኳር፣ የጉበት ወይም የሚጥል በሽታ አለብህ?

ለአንዱ እንኳ መልስህ «አዎ» ከሆነ በአንድ ጊዜ ብቻህን አታቁም። ሰውነት አልኮል ከለመደ በኋላ በድንገት ሲቀርበት ይረበሻል። ላቡ፣ ማቅለሽለሹ፣ መንቀጥቀጡ ከመጨረሻው ብርጭቆ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ጥሎ የሚያንፈራግጠው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ይመጣል። መቃዠቱና የሌለ ነገር ማየቱ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ሊከተል ይችላል። ይህኛው ካልታከመ ሊገድል ይችላል። የድሬ ሙቀትና ላብ ሲጨመርበት ደግሞ የሰውነትህ ውኃ ቶሎ ያልቃል።

እንግዲህ መጀመሪያ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ሳቢያን ሆስፒታል ሂድ። ሐረር ካለህ ሕይወት ፋና አለ። ስንት እንደምትጠጣ ለሐኪሙ እውነቱን ንገረው፤ አረቄውንም ድራፍቱንም ቁጠር። ሰው ሁሌ ግማሹን ነው የሚናገረው፣ የሚሰጠው መድኃኒት መጠን ግን በዚያ ላይ ይመሠረታል።

ፀበል መግባት ከፈለግህ ግባ፤ ግን ሐኪም ካየህ በኋላ ይሁን። መንቀጥቀጥ ላይ ላለ ሰው ጾምና ቀዝቃዛ ውኃ ብቻውን አይበቃም።

ከተበላሸ፦ አንዱ ቤት ውስጥ ወድቆ ቢንፈራገጥ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አትክተቱ፣ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። አምቡላንሱ ከዘገየ ባጃጅም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ።

ደረጃ 2፦ የሚከዳህን ሰዓት ለይ

ወረቀት አውጣ። ያለፉትን ሰባት ቀናት ጻፍ፣ ከያንዳንዱ ጎን የመጀመሪያውን ብርጭቆ ያነሳህበትን ሰዓት አስቀምጥ። የምትፈልገው ስብሰባ ያንን ሰዓት የሚሸፍን ነው። ጠዋት ላይ ጎበዝ ያልሆነ ማን አለ?

የእኛ አገር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ ጨብሲ ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ፣ ምርቃና፣ ከዚያ ሲመሽ «ለመስበር» ሁለት ቢራ። ሁለቱ ደግሞ ሁለት ሆኖ አያውቅም። ጫት እየቃምክ መጠጥ ብቻ ማቆም ትችል ይሆናል፤ እኔ አልቻልኩም። ቢያንስ ጫቱን አሁን ባታቆም እንኳ በርጫው የሚፈርስበት ሰዓት ላይ ስብሰባህን አስቀምጥ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ የምትሄድበት ቦታ ያስፈልግሃል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «ሁዳዴን ሙሉ አልጠጣሁም» ወይም «ረመዳንን አቁሜ ነበር» ብለህ ራስህን ነፃ አታውጣ። እኔ 55 ቀን ጾሜ የትንሣኤ ለሊት ዶሮው ሳይቀርብ የሰከርኩ ሰው ነኝ። የመጨረሻውን ቀን ጣት እየቆጠርክ የምትጠብቅ ከሆነ ማቆም አይደለም፣ ወረፋ መጠበቅ ነው።

ደረጃ 3፦ ዛሬ ማታውኑ በስልክ ግባ

በአካል የሚደረግ ስብሰባ እስክታገኝ ቀናት ይፈጃል። እስከዚያ ባዶ አትቀመጥ። የኤኤ ስብሰባዎች ዙም በሚባለው የቪዲዮ ጥሪ መተግበሪያ ሌት ተቀን ይካሄዳሉ፣ ማንም ይገባል፣ ምዝገባ የለም።

3.1 ሚቲንግ ጋይድ የሚባለውን የኤኤ መተግበሪያ ጫን። ምልክቱ ሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ ወንበር ነው። ነፃ ነው፤ ካርድ ቁጥር ወይም ገንዘብ የሚጠይቅ ሌላ ከወጣልህ ተሳስተሃል። ኦንላይን ኢንተርግሩፕ የሚባለውም የኢንተርኔት ስብሰባዎችን ዝርዝር በነፃ ያወጣል።

3.2 የቋንቋ ምርጫው ላይ አማርኛ ካገኘህ እሱን አስቀድም። ካልሆነ እንግሊዝኛውን ያዝ። እንግሊዝኛህ ደከም ቢል አትጨነቅ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራህ መስማት ነው። አንድ የማላውቀው ሰው ጠርሙሱን ሽንት ቤት የውኃ ታንከር ውስጥ ይደብቅ እንደነበር ሲናገር ሰምቼ ከቋንቋው ግማሹ ሳይገባኝ ሳቅሁ። የእኔ የጤፍ በርሜል ውስጥ ነበር።

3.3 ዙም ላይ ስምህን ቀይር። ስልክህ ሙሉ ስምህን ለሁሉም ያሳያል። የመጀመሪያ ስምህን ብቻ ወይም ሌላ ስም ጻፍ። ካሜራውን አጥፋ፤ ለሚስጥርም ይበጃል፣ ዳታም ይቆጥባል።

3.4 ዳታህን ቀን ላይ ግዛ፣ ስልክህን ሙላ፣ ማዳመጫ ሰካ። መብራት ሊሄድ ይችላል። ግድግዳውም ጆሮ አለው።

ሰዓቱ ላይ አትሳት

ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፣ ስለዚህ ቀስ ብለህ አንብብ። የመጀመሪያ ስብሰባዬ «7:00» ይላል። እኔ ለሊት 7 ሰዓት ብዬ ማንቂያ ሞልቼ ተኛሁ። ተነስቼ ስገባ ክፍሉ ባዶ ነው። ስብሰባው ካለቀ አምስት ሰዓት ሆኖታል፤ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ነበር የተጀመረው። ጨለማ ውስጥ የራሴን ፊት በስልኩ መስታወት እያየሁ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ጠጣሁ።

እንዲህ አድርግ፦

• መጀመሪያ የስልክህ የሰዓት ክልል አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ መሆኑን አረጋግጥ። ከሆነ መተግበሪያው ሰዓቱን ወደ እኛ ይቀይርልሃል።
• ከዚያ ከሚታየው ሰዓት ላይ 6 ቀንስ። ስልኩ ማታ 8:00 ካለ የእኛ ምሽት 2 ሰዓት ነው። 20:00 ብሎ ከጻፈ 14 ይመጣልሃል፤ 12 ስትቀንስለት ያው 2 ነው።
• ሰዓቱ በሌላ አገር አቆጣጠር ብቻ ከተጻፈ፦ የለንደን ምሽት 6:00 በእነሱ የብርድ ወራት የእኛ ምሽት 3 ሰዓት ነው፣ በእነሱ የሙቀት ወራት ምሽት 2 ሰዓት። የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይነቃነቅም፤ የእነሱ በዓመት ሁለቴ ይንቀሳቀሳል። ስብሰባህ ድንገት በአንድ ሰዓት ከተዛነፈብህ ምክንያቱ ይህ ነው።

ከተበላሸ፦ ኔትወርክ ቢቆራረጥ ስብሰባውን አትተው፣ ተመለስ። ማንም ለምን ወጣህ አይልህም። የይለፍ ቁጥሩ አልሠራም ካለ ወደ ቀጣዩ ስብሰባ እለፍ። ሦስት አማራጭ ቀድመህ ጽፈህ ያዝ።

ደረጃ 4፦ «ቡድን አለ ወይ?» ብለህ አትጠይቅ

ስልኩ ማታውን ያሻግርሃል። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር አብሮህ የሚቀመጥ ሰው ግን ሌላ ነው። እሱን ለማግኘት አጠያየቁን ማወቅ አለብህ።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ካርድ ክፍል ላይ ነው የጠየቅሁት። «የመጠጥ ሱሰኞች ቡድን አላችሁ?» አልኩ። ልጅቷ በመስታወቱ ቀዳዳ አልሰማችኝም፤ ደግሜ ጮክ አልኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰማኝ። እሷም «እንደሱ የሚባል የለም» አለችኝ። ሁለት ሴኮንድ አልፈጀም። ተመለስኩ።

ትክክለኛው አካሄድ፦

4.1 ካርድ ክፍል ላይ «ሥነ አእምሮ ክፍል ለመታየት ነው» ብቻ በል። ሌላ ማብራሪያ አትስጥ። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ድረስ፤ ከሰዓት በኋላ ባለሙያው ቢገኝም ይቸኩላል፣ አንተም እግርህ ወደ ሌላ ይስብሃል።

4.2 ነርሱ ወይም ሐኪሙ ክፍል ከገባህና በሩ ከተዘጋ በኋላ እንዲህ በል፦ «እናንተ ጋ ታክሞ መጠጥ ካቆመ ሰው ጋር ማውራት እፈልጋለሁ። አንድ ሰው ይበቃኛል። የሱን ስልክ አልጠይቅም፣ የእኔን ስጡልኝ። ካልፈለገ አይደውል።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ናት ቁልፉ። ባለሙያው የታካሚን ስልክ አሳልፎ መስጠት አይችልም፤ የአንተን ማድረስ ግን ይችላል። ቁጥርህን በወረቀት ጽፈህ፣ የመጀመሪያ ስምህንና የሚመችህን ሰዓት ጨምረህ ስጠው። በቃል ብቻ ነግረኸው እንዳትወጣ፤ ይረሳዋል።

4.3 በዚያው ሳምንት ወረቀቷን ሌላ ሁለት ቦታ አድርስ፦ ሰፈርህ ያለው ጤና ጣቢያ፣ እና የምታምነው የሃይማኖት አባት ዘንድ። የንስሐ አባት፣ ኢማም ወይም መጋቢ ከማንም በላይ ያቆመ ሰው ያውቃል። ምክሩን በትህትና ስማ፤ ሳትወጣ ግን ያቺኑ ጥያቄ ጠይቅ፦ «ያቆመ አንድ ሰው።»

4.4 ሰፈር ውስጥ ድሮ ሲንገዳገድ የምታውቀው፣ አሁን ሚሪንዳ የሚጠጣ ሰው አለ። ሁላችንም አንድ እናውቃለን። ለብቻው ስታገኘው «እንዴት አቆምክ?» በለው። ሰርግ ቤት፣ ሰው መሐል እንዳይሆን ብቻ።

ከተበላሸ፦ ሳምንት ሙሉ ካልተደወለ ለነርሱ ተመልሰህ ሂድና ወረቀቷ መድረሷን ጠይቅ። አንዴ ማስታወስ ነዝናዛ አያስብልም። ድሬ ላይ ሁሉም ሰው ያውቀኛል ብለህ ከፈራህ ያንኑ ሐረር ላይ አድርገው። መንገዱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት በሚኒባስ ደንገጎን ወጥተህ ለምሳ ትመለሳለህ። የሐረር ሰውም በተራው እዚህ ይምጣ።

ደረጃ 5፦ ከመግባትህ በፊት መዝነው

ተደወለልህ እንበል። «ቡድን አለን፣ ና» ተባልክ። እነዚህን በስልክ ጠይቅ፦

• ክፍት ነው ዝግ? ክፍት ማለት ቤተሰብና ሌላ ሰውም የሚገባበት ነው። ዝግ ማለት የመጠጥ ችግር ያለበት ሰው ብቻ። ሚስጥር የሚያስጨንቅህ ከሆነ ዝጉን ምረጥ።
• የት ነው? በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ቢሆን ሙስሊሙ ለመግባት ይቸገራል፤ በመስጊድ ግቢ ቢሆን ክርስቲያኑ። ሙስሊም ወንድሜ በተለይ ሁለት ሸክም ነው የተሸከመው፦ መጠጡም፣ ጠጣ መባሉም። ኤኤ ራሱ ስለ ፈጣሪ ሲናገር «እኛ እንደተረዳነው» ነው የሚለው፤ የማንም ሃይማኖት አይደለም። ቦታው ካልተመቸህ ሌላ ቦታ ጠይቅ።
• በርጫ አለው? ይህን ሳታፍር ጠይቅ። «ቁጭ ብለን እየቃምን ነው የምናወራው» ካሉህ ቀጥ ብለህ ተወው። ጨብሲው በር ላይ ይጠብቅሃል።

ገንዘብ፣ መታወቂያ ወይም ፎቶ ከተጠየቅህ ውጣ። እርግጥ አንዳንድ ስብሰባ ላይ ለሻይና ለቦታ ኪራይ መዋጮ ይዞራል፤ አዲስ ሰው ግን አይጠበቅበትም። ቴሌግራም ላይ «በሦስት ቀን መጠጥ የሚያስጠላ ዱቄት፣ ቡናው ውስጥ ሳያውቅ ይጨመርለታል» የሚሉትን በፍጹም አትንካ። ምን እንዳለበት የማይታወቅ ነገር ጉበቱ ለተጎዳ ሰው መርዝ ነው።

ለእህቶቼ፦ ሴት መጠጣቷ ከታወቀ ስሟ ከወንዱ እጥፍ ይነሳል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ በዙም የሴቶች ብቻ የሆኑ ስብሰባዎች ስላሉ በነሱ ጀምሪ። በአካል ስትሄጂ የምታምኚያት አንዲት ሴት የት እንዳለሽ ትወቅ። የቅርብ ደጋፊሽ ሴት ትሁን። «ብቻችንን እናውራ፣ እኔ እረዳሻለሁ» የሚል ወንድ ከገጠመሽ ቡድኑን ቀይሪ፤ ምክንያት መስጠት የለብሽም።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ቀን

ምሳ ብላ። የተራበ ሆድ ጥማት ይመስላል። ከተቀጠርክበት ሩብ ሰዓት ቀድመህ ድረስ። በምትጠጣበት ሰፈር የሚያልፍ መንገድ ከሆነ ዞረህ ሂድ፤ የባጃጁ ሂሳብ ከፍ ቢል ይበል።

ስትገባ የመጀመሪያ ስምህን ብቻ ተናገር። ተራህ ሲደርስ ለመናገር ካልፈለግህ «ዛሬ ልስማ» በል፣ ይታለፋል። ከተናገርክ ስለራስህ ብቻ አውራ፤ ስለ ሚስትህ ክፋት፣ ስለ አለቃህ አትጀምር። ሌላው ሲናገር አታቋርጥ፣ አትምከር። ለእኛ ይህ ከባድ ነው፤ ምክር ካልሰጠን የከበድን አይመስለንም። ያኔ የሻይህን ብርጭቆ አጥብቀህ ያዝ።

ሳትወጣ የአንድ ሰው ስልክ ተቀበል። ከዚያ በማግስቱ፣ ምንም ሳይቸግርህ፣ ደውልለት። በደህናው ቀን ያልደወልክለትን ሰው በክፉው ሰዓት አትደውልለትም።

ከተበላሸ፦

የምታውቀው ሰው አገኘህ። አለቃህ ቢሆንስ? እሱም እዚያው ነው ያለው። ሰላም በለውና ተቀመጥ። ውጭ ስትገናኙ ከየት እንደተዋወቃችሁ አታንሳ።

ጠጥተህ ከሆነ። ቢሆንም ሂድ። ዝም ብለህ ስማ፣ አትናገር። ብጥብጥ ካላነሳህ አያስወጡህም።

ሰዎቹ አልተስማሙህም። አንድ ቀን አይቶ መፍረድ የለም። ስድስት ጊዜ ሂድ፣ ከዚያ ወስን። እኔ በሁለተኛው ሳምንት የጠላሁት ሽማግሌ አሁን በየማለዳው የምደውልለት ነው።

ስብሰባ ውለህ ማታ ጠጣህ። በማግስቱ ደውለህ ተናገር። መዋሸት ከጀመርክ በሦስተኛው ሳምንት መሄድ ታቆማለህ። ግን ለቀናት በተከታታይ ከጠጣህ ወደ ደረጃ 1 ተመለስ፤ ሰውነትህን እንደገና ሐኪም ይየው።

ደረጃ 7፦ አንድ ሰው ብቻ ካገኘህ ራሳችሁ ጀምሩ

በኤኤ አሠራር ሁለት ሰው መጠጥ ላለመጠጣት ብሎ ከተቀመጠ ቡድን ነው። ፈቃድ፣ ማኅተም፣ ሊቀመንበር አያስፈልግም። የእኛ የተጀመረው በሁለት ወንበር ነው።

7.1 ቦታ ምረጡ። ድራፍት የሚሸጥ ካፌ አይሆንም። ጭማቂ ቤት፣ ሻይ ቤት ወይም የከዚራ ጥላ ይበቃል። የማንም ቤት አታድርጉት፤ ቤት ሲሆን ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይገባል፣ ወሬው ይዞራል።

7.2 ቀንና ሰዓት ቁረጡ፣ አትቀያይሩት። የእኛ ሐሙስ 12 ሰዓት ተኩል ነው። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሰሞን ከተማው በእንግዳ ሲሞላና ጠጅ ሲበዛ የሳምንቱን አንድ ስብሰባ ወደ ሁለት ከፍ አድርጉት።

7.3 አንድ ሰዓት ብቻ። መጀመሪያ አንዳችሁ ሩብ ሰዓት ይናገር፣ ሌላው ይስማ። ከዚያ ተለዋወጡ። በቀረው ግማሽ ሰዓት የሚመጣውን ሳምንት አውሩ፦ የትኛው ሰርግ፣ የትኛው ለቅሶ፣ የትኛው ደመወዝ ቀን። ማኅበር ላይ ጠላ ሲቀዳልህ ምን ትላለህ? እዚያው ተለማመዱት። «መድኃኒት ላይ ነኝ» ማለት አብዛኛውን ሰው ዝም ያሰኛል።

7.4 ገንዘብ አትበዳደሩ። የመጀመሪያው ብድር የቡድኑ መጨረሻ ነው። ሻይ በየራስ ይከፈል።

7.5 ሦስተኛ ሰው ሲመጣ ስልካችሁን ለሆስፒታሉ ነርስ ስጡት። አሁን «ያቆመ አንድ ሰው» የሚባለው እናንተ ናችሁ።

ከተበላሸ፦ ጓደኛህ ካልመጣ አትነሳ። ሻይህን አዝዝና ሰዓቱ እስኪሞላ ቁጭ በል፤ ዙም ላይ የሚገባበት ካለ በማዳመጫህ ግባ። 1 ሰዓት ተኩል ሲሆን ደውልለት። ካላነሳ በማግስቱ ጠዋት፣ ሳይጀምር፣ ቤቱ ሂድ። አትቆጣው። «ሐሙስ እዚያው ነኝ» በለውና ተመለስ።